ፊውዙ ምንም አልሆነም፣ መኪናዬ ግን ጨሰች

ሱሉልታ ነው ምኖረው፣ ስራዬ ወተት ማመላለስ ነው። ከለሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ከየቤቱ የወተት ጣሳ እሰበስብና በጎጃም መንገድ አዲሱ ገበያን አልፌ ከተማ ውስጥ ላለ ተረካቢ አደርሳለሁ። በዛ ሰዓት እኛ ጋ ጨለማው ሳያንስ ጉምም አለ፣ እና ሁለት አመት ሙሉ ስልኬን በጥርሴ ነክሼ በሱ መብራት ነው ጣሳ ስጭን የከረምኩት። አንድ ለሊት ስልኩ ከአፌ አምልጦ ክዳኑ ያልተገጠመ ጣሳ ውስጥ ገባ። የዛን ቀን በቃ አልኩ፣ ፒካፗ ጭነት (እቃ ሚጫንበት የኋላ ክፍል) ላይ መብራት አስገባለሁ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። የወተት ስራ ያለው ሰው ያውቀዋል፣ በፆም ተረካቢው ግማሹንም አይወስድም፣ ስለዚ መኪናዋም ቆማለች እኔም ቁጭ ብያለሁ። ስራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ፣ እኔ ደሞ ትራፓኖ ተውሼ የመኪናዬን ላሜራ በሳሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልበለውና ልለፍ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ባለ 12 ቮልት ጥቅል ኤልኢዲ ገዛሁ፣ ባለ 5 ሜትር ነው ሚመጣው። ሲሊኮን የለበሰውን፣ አይፒ 67 ሚለውን (ውሃ የመቋቋም ደረጃው ነው) ውሰዱ፣ 65ም ይበቃል ይሏችኋል ግን ውሃ በተጠራቀመበት ጥግ ከተኛ አይችልም። መኪናዬ ደብል ካብ ስለሆነች በየጎኑ ሜትር ተኩል በቃኝ። ሚቆረጠው በየ3 አምፑሉ የመቀስ ምልክት ያለበት ቦታ ብቻ ነው፣ የተቆረጠውን ጫፍ በሲሊኮን ድፈኑት። ከስፖንዳው (የጭነቱ የጎን ግድግዳ) ጠርዝ ስር ወደ ታች እንዲያበራ ነው የለጠፍኩት፣ ከመለጠፉ በፊት በአልኮል ጥረጉት፣ የወተት ቅባት ላይ ከለጠፋችሁት በሁለት ቀን ይንጠለጠላል። ላሜራ ከመብሳታችሁ በፊት ከስር ገብታችሁ የነዳጅ ታንከሩና ቱቦው የት እንዳለ እዩ፣ የቀዳዳውንም ጠርዝ ቀለም ቀቡት አለዚያ ይዝጋል። ማሳውን (ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ሚመለሰውን ገመድ) ደሞ ጭነቱ ላሜራ ላይ አትሰሩት፣ ጭነቱ ሻንሲው (የመኪናዋ የስር ብረት አካል) ላይ በብሎን የተቀመጠ ነገር ስለሆነ መሃል ላይ ቀለምና ዝገት አለ፣ መብራቱ ይንቀጠቀጣል። ሻንሲው ላይ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፍቃችሁ እዛ እሰሩት።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

ከመብራቱ ጋር የመጣው ወረቀት ስዕል አለው፣ ከኋላ ፓርኪንግ መብራት ገመድ ላይ ቀጥል ነው ሚለው። እሱን አልሰማሁም፣ አሁንም አትስሙት። የኔ ኤልኢዲ በሜትር 14.4 ዋት ነው፣ 3 ሜትር ሲሆን 43 ዋት፣ በ12 ቮልት ስታካፍሉት 3.6 አምፒር ገደማ። ከኋላ ያለው የፓርኪንግ አምፑል 5 ዋት ነው፣ እዛ ቀጭን ገመድ ላይ 43 ዋት መጫን አህያ ላይ የሲኖ ጭነት መጫን ነው። በዛ ላይ የፊት መብራት ባበራህ ቁጥር ጭነቱም አብሮ ይበራል፣ ከኋላህ ያለው ሹፌር ነጭ መብራት ሲያይ ወደ ኋላ እየመጣህ ይመስለዋል። ስለዚ በቀጥታ ከባትሪ አመጣለሁ አልኩ፣ እዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ።

ከዛ ነው የደነቆርኩት። ማብሪያው ጣሳ ስጭን እጄ ላይ ይሁን ብዬ ከኋላ ስፖንዳው ጥግ ላይ ገጠምኩት። እንደዛ ሲሆን ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በሞተሩ ጎን፣ በሻንሲው ስር እስከ ኋላ ሚሄደው ገመድ መኪናዋ ጠፍታም 24 ሰዓት ኤሌክትሪክ አለበት ማለት ነው። ፊውዙስ? ፊውዙ መብራቱ ጋ ነበር፣ ከጥቅሉ ጋር ተሰክቶ የመጣ ነው፣ የሸጠልኝ ልጅም ፊውዝ አለው አያሳስብህም አለኝ። እኔም አመንኩት፣ ፊውዝ መብራቱን ሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ፊውዝ ሚጠብቀው ገመዱን ነው፣ እሱንም ከሱ ወዲያ ያለውን ብቻ። ከባትሪው እስከሱ ያለው አምስት ሜትር ምናምን ገመድ ጠባቂ የለውም። ይሄን አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ገመዱ የቤት ነው፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ውስጡ አንድ ወፍራም ሽቦ የሆነው፣ ቤት ስሰራ የተረፈኝ። ለመኪና ብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመደበት ነው ሚሆነው፣ ደረቁ በንዝረት ይሰበራል፣ እኔ ግን ብር ቆጠብኩ ብዬ ደስ ብሎኛል። ከመኪናዋ ኦሪጅናል ገመድ ጋር አስተኛሁትና በየቦታው በናስትሮ ጠመጠምኩት። ናስትሮ ጭቃና ናፍጣ ሲነካው ይላቀቃል። አንድ ቦታ ላይ ገመዱ በሻንሲው ሹል ጠርዝ ነው ሚያልፈው፣ እዛ ጋ ጎማም ቱቦም አላረኩበትም፣ አይቼዋለሁ እኮ፣ ኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው የተውኩት።

ሲበራ ግን ቀን ነው ሚመስለው! ጎረቤት ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ፣ አንዱ ለኔም ስራልኝ አለኝ፣ እንኳንም አልሰራሁለት።

ፋሲካ ደረሰ፣ ፆሙ ተፈታ፣ ወተት እንደ ጉድ ይፈለጋል፣ እኔም በኮሮኮንቹ ላይ ቀን ከለሊት። አንድ ሁለት ቀን ሬዲዮኑ በራሱ ቁርጥ እያለ ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር፣ ሬዲዮኑ አርጅቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ገመዱ ተልጦ ሻንሲውን እየነካ ነው። ከዳግማይ ትንሳኤ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከለሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ሶስተኛው ቤት ቆሜ ጣሳ እየጫንኩ ጭስ ሸተተኝ። ሱሉልታ በዛ ሰዓት ኩበት ሚያነድ ቤት አይጠፋም፣ ኩበት መሰለኝ። ወተት ምታስረክበኝ እማማ ናት ያየችው፣ «ልጄ፣ ኸረ ከስርህ እየጨሰ ነው!» ብላ ጮኸች።

ኮፈኑን ስከፍት ገመዱ ቀልቶ ፕላስቲኩ እንደ ሻማ ይንጠባጠባል። የመኪና ባትሪ ሾርት ሲያደርግ በመቶ ሚቆጠር አምፒር ነው ሚለቀው፣ 1.5 ገመድ እሱን አይችልም። ባትሪውን መፍታት አለብኝ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ ነው ሚፈታው፣ ቁልፉ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቦርሳው የኋላ ወንበር ስር ነው፣ ወንበሩ ላይ ደሞ ለገበሬዎቹ የያዝኩት ሁለት ኬሻ ፉርሽካ ተጭኗል። በጋቢዬ እጄን ጠቅልዬ ገመዱን ጎትቼ በጠስኩት። መዳፌ ላይ ጠባሳው አለ፣ ጋቢውም ተቀዷል፣ እናቴ የፈተለችው ጋቢ ነበር።

ነግቶ ኋላ ሄጄ ፊውዙን ነቅዬ አየሁት። ደህና ነው፣ አዲስ ነው፣ ቅንጣት አልነካውም። እንደዛ ቀን ሰውን ሳይሆን ፊውዝን ተሳድቤ አላውቅም።

ገመዱ አብሮት የተኛውን ኦሪጅናል ገመድም አቅልጦታል፣ የኋላ ስቶፕ፣ ፍሬቻ፣ የነዳጅ ጌጁ ሁሉም ሄደ። ጋራዥ ሁለት ቀን፣ 9,000 ብር። የጫንኩት 120 ሊትር ወተት በሰው መኪና 4 ሰዓት ላይ ደረሰ፣ ተረካቢው ልጅ አልኮል ቴስት አርጎ (ወተቱን ከአልኮል ጋር ቀላቅሎ ማየት ነው) ረግቷል ብሎ መለሰው። መመለሱ ባልከፋኝ፣ ሰዓት ሰዓት ነው ብሎ ሲገስጸኝ ነው ያንገበገበኝ፣ ከዛ በፊት በነበረው ሳምንት እኮ ቁልፍ ያዡ አልመጣም ብለው እነሱ ራሳቸው ሁለት ሰዓት በር ላይ ገትረውኛል፣ ያኔ ሰዓት የት ሄዶ ነበር? ለገበሬዎቹ ከኪሴ ከፈልኩ። ቤት ውስጥ ለአንድ ሳምንት አይብ በላን።

ሁለተኛ ስሰራው እንዲህ አረኩት። ፊውዝ መያዣውን ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይሞላ አሰርኩት፣ 5 አምፒር። ከዛ ገመዱ ክሩስኮቶው (ዳሽቦርዱ) ላይ ወዳለ ማብሪያ ይገባል፣ ከማብሪያው ነው ወደ ኋላ ሚሄደው፣ ስለዚ መብራቱ ሲጠፋ የኋላው ገመድ ምንም የለበትም። ጋራዡ ያሉት ጋሼ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን ሚያበራ ሌላ ማብሪያ) ካላስገባህ አልሰራም ብለው ተከራከሩኝ፣ አክብሬያቸው ነው እንጂ ለ3.6 አምፒር ሪሌ አያስፈልግም፣ ደህና ማብሪያ ይችለዋል፣ መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር ሚበላሸው ነገር ይበዛል። ሁለተኛው ጭቅጭቅ ከሞተር ማስነሻው ቁልፍ ጋር ይሁን፣ መኪናዋ ስትጠፋ ይጥፋ ነው። ሞተር አጥፍቼ ምጭን ሰው ነኝ፣ ለኔ አይሆንም። እሳቸው ሚሉትም እውነት አለው፣ ለ12 ሰዓት ረስታችሁት ብታድሩ ከ40 አምፒር-ሰዓት በላይ ከባትሪው ይጠጣል፣ ጠዋት መግፋት ነው። ለዚ ነው ሲበራ ቀይ ነጥብ ሚያሳየውን ማብሪያ የገዛሁት። ገመዱ ሙሉ ለሙሉ በተሸበሸበው የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው፣ በላሜራ ሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት አለው፣ ናስትሮ አንድም ቦታ የለም፣ ከጭስ ማውጫውም በተቃራኒ ጎን ነው።

አንድ ጊዜ መብራቱን ሳላጠፋ መንገድ ወጥቼ ትራፊክ አስቁሞኝ ነበር። ልክ ነው ሰውዬው፣ ተቀጣሁ፣ ግን ያ ቀይ ነጥብ ፊቴ እየበራ እንዴት እንዳላየሁት እስካሁን ይገርመኛል።

አሁን 10 ቁጥር ቁልፍ በገመድ ታስሮ መሪው ስር ተንጠልጥሏል። የግራው ጥቅል ጫፉ መላቀቅ ጀምሯል፣ ጭነቱን ሳጥብ የውሃው ግፊት ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ በአሉሚኒየም መያዣ አስገብቼ በብሎን አስረዋለሁ። እማማ ደሞ ኮፈኑን በከፈትኩ ቁጥር አመድ በሰፌድ ይዛ ነው ምትወጣው።