የሙሴ ቬንትሌተር

ድሬዳዋ ተቀምጦ የበረዶ ላይ ስኪ መከታተል እብደት የሚመስለው ሰው ድሬን አያውቃትም። እኔ ስፖርቱን ብዬ አልጀመርኩትም፤ በረዶውን ብዬ ነው። እኩለ ቀን ላይ የከዚራ አስፋልት ሲግል፣ በር ዘግተህ፣ በሽርጥ ተቀምጠህ፣ አንድ ሰውዬ ነጭ ተራራ ላይ ቁልቁል ሲወረወር ብታይ ቀዝቀዝ ይልሃል። ወላሂ ይሠራል።

ያስለመዱኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ ሙሴ ይላቸዋል፤ በፈረንሳይ አፍ "አቶ" እንደማለት ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሲደሰቱ በፈረንሳይኛ፣ ሲናደዱ በኦሮምኛ፣ ብር ሲጠየቁ ደግሞ በዝምታ ነው የሚመልሱት። ፈረንሳዊው የስኪ ጀግና ዣን ክሎድ ኪሊ በ1968 ግሬኖብል ኦሎምፒክ ላይ ሦስት ወርቅ ሲጠራርግ እሳቸው የጥገና ክፍል ተለማማጅ ነበሩ። ያን ሳምንት ፈረንሳዮቹ አለቆች አንድ ብሎን እንዳልነኩ ዛሬም ይምላሉ።

የስኪ የዓለም ዋንጫው ጥቅምት ላይ ኦስትሪያ፣ ሶልደን ይጀመርና መጋቢት ላይ ያልቃል። በየውድድሩ አንደኛው 100 ነጥብ፣ ሁለተኛው 80፣ ሦስተኛው 60 እያለ ይወርዳል፤ 30ኛው 1 ነጥብ ይደርሰዋል። ሙሴ ይሄን ሁሉ የሚመዘግቡት አሮጌ የባቡር ጭነት መዝገብ ላይ ነው። "ጨው" የሚለው ሥር ስዊዘርላንዶች፣ "ቡና" የሚለው ሥር ኦስትሪያዎች አሉ።

እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን በደንብ ያየሁት ዳውንሂሉን ብቻ ነበር። እሱ ግልጽ ነው። አንዴ ትወርዳለህ፣ ሰዓትህ ይያዛል፣ ወደ ቤትህ። ዮሃን ክላሬ የሚባል ፈረንሳዊ በ2013 ቬንገን ላይ በሰዓት 161.9 ኪሎ ሜትር ወርዷል። የኛ ባጃጅ ደንገጎን ስትወርድ ግማሹን ብትሞክር ሁላችንም ሸሃዳ እንይዛለን።

የካቲት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ፣ ስላሎም ነበር። በዘንግ መሃል እየተጠማዘዙ የሚወርዱት ማለት ነው። ሙቀቱ ጀማምሮታል። ከሙሴ ጋር ተወራረድን። የመረጠው ሰው ወደ ኋላ የቀረበት፣ ቬንትሌተሩን ለአንድ ሳምንት ያስረክባል። ድሬ ላይ ከዚህ የከበደ ውርርድ የለም። ሚስት ብታስይዝ ይቀላል።

የኔ ሰው ወረደ። አንደኛ! የሙሴ ሰው 18ኛ። ብድግ ብዬ ጨፈርኩ። ሙሴ መዝገባቸው ላይ የሆነ ነገር ጫር ጫር አደረጉና ፈገግ አሉ።

"ሙሴ፣ ቬንትሌተሯን ልውሰዳት?"

"ውሰድ፣ ልጄ። ብቻ 9 ሰዓት ላይ ና።"

እኔ እንግዲህ የድሬ ልጅ ነኝ። 9 ሰዓት ና ከተባልኩ በርጫ ነው የሚገባኝ። ሽንፈታቸውን በጫት ሊረሱ መስሎኝ አዘንኩላቸው።

ቬንትሌተሯን ተሸክሜ በሰፈሩ መሃል አለፍኩ። በአቋራጭ መሄድ ስችል በዋናው መንገድ ነው የዞርኩት። ሕፃናት ተከተሉኝ። ለሱቁ ልጅ፣ ለባጃጅ ሹፌሮቹ፣ ላልጠየቀኝ ሰው ሁሉ ተረኩ። ስምንት ሰው ለስላሳ ጋበዝኩ። ቤት ስደርስ ሁለት ቬንትሌተር ስለሆነብኝ፣ የራሴን ሳምቡሳ ለምትጠብሰው ጎረቤቴ አዋስኳት። "ለሳምንት ተንፍሺ" አልኳት። ሰው ሲያሸንፍ ቸር ይሆናል። ከዚያ በሙሴ ቬንትሌተር ሥር ተጋደምኩ። እንዴት ያለ እንቅልፍ!

10 ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። ሙሴ ናቸው፣ መዝገቡን በብብታቸው ይዘዋል።

"ለምን ቀረህ? ሁለተኛው ዙር አመለጠህ።"

"የምን ሁለተኛ ዙር?"

ስላሎም ሁለት ዙር ነው ለካ! ከመጀመሪያው 30ዎቹ ያልፋሉ። በሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና 30ኛው ቀድሞ ይወርዳል፤ አንደኛው መጨረሻ ላይ። የሁለቱ ዙር ሰዓት ተደምሮ ነው አሸናፊው የሚለየው። የሙሴ ሰው በረዶው ገና ሳይቆፋፈር ወርዶ ስድስተኛ ወጥቷል። የኔ ጀግና ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በፈለጠው በረዶ ላይ ሲመጣ፣ አንድ እግሩ በዘንጉ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ አለፈ። እንደዚያ ከሆነ ከውድድር ውጭ ነው። ዜሮ።

"18ኛ ነበር እኮ!" አልኩ።

"ዳንኤል ዩል በ2024 ሻሞኒ ላይ 30ኛ ሆኖ አልፎ አሸንፏል" አሉና ገጹን ገልጠው አሳዩኝ። "ጨው" ሥር ነው። "ፀሐይዋ በረዶውን ለኋለኞቹ አቀለጠችባቸው። ፀሐይ ምን እንደምታደርግ ለድሬ ልጅ ይነገራል?"

የራሳቸውን ቬንትሌተር ነቀሉ። ቀጥለው "ያንተስ?" አሉ።

ሳምቡሳ ጠባሿ ጋ ሮጥኩ። ቬንትሌተሬ ልጇ ላይ እየነፈሰች ነው።

"አሁን ነው የተኛው። ከነቃ አንተ ታባብለዋለህ?"

ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪነቃ ጠበቅሁ። አራት ሳምቡሳ በላሁ፤ አስከፈለችኝ። 12 ሰዓት ላይ የገዛ ቬንትሌተሬን ተሸክሜ፣ በዚያው መንገድ፣ በእነዚያው ሕፃናት ታጅቤ ወደ ሙሴ ቤት ሄድኩ። በአቋራጩ ልሂድ ብል አንዱ ባጃጅ ቆሞበታል።

ሳምንቱን ግቢ ውስጥ በሰሌን ላይ አደርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ሙሴ ለውድድር ጠሩኝና ሄድኩ። የሳቸው ቬንትሌተር መኝታ ቤት ናት፤ ሳሎን ያለችው የኔዋ ናት። አንገቷን ቀስ እያለች ታዞራለች፣ አንዴ ወደ ሙሴ፣ አንዴ ወደ እኔ። ገና ላቤ መድረቅ ሲጀምር ሙሴ እጃቸውን ዘርግተው ከኋላዋ ያለችውን ቁልፍ ሳብ አደረጓት። ቬንትሌተሬ ፊቷን ወደ ሳቸው እንዳደረገች ቀጥ አለች።