የመጀመሪያው ሟች ማነው?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቱሪስት በቫን እያዞርኩ ነው የምተዳደረው። እኔ እነዳለሁ፣ ማይኩን ሌላ ሰው ይይዛል። ባለፈው ሰመር ማይኩን የያዘው የኛው ልጅ ነበር። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ ጨዋታ አዋቂ። አለቃችን የሰጠውን ወረቀት እንደ ውዳሴ ማርያም ነው በቃሉ የሸመደደው።

ከሊንከን መታሰቢያ ትንሽ ራቅ ብሎ የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ግንብ አለ። የተወለወለ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከ58 ሺህ በላይ ስም ተቀርጾበታል። ስሞቹ በፊደል ተራ አይደሉም፣ በሞቱበት ቀን ነው የተደረደሩት። ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት መሃል ላይ 1959 ይልና ስሙ ወደ ቀኝ ይነጉዳል። ከዚያ ከግራው ጫፍ ይቀጥልና ተመልሶ መሃል ላይ በ1975 ያልቃል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጁ መሃሉ ጋ ቆመና አፉን ሞልቶ ጀመረ። «ከላይ የምታዩዋቸው ዴል ቡይስና ቼስተር ኦቭናንድ፣ ቬትናም ውስጥ የተገደሉ የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ናቸው።»

ኮፍያ ያደረጉ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጀምስ ዴቪስ ነው፣ በ1961። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ራሳቸው ተናግረውታል» አሉ። ከኋላ ደግሞ እዚሁ ዲሲ አጠገብ ፎልስ ቸርች የሚኖሩ አንድ ቬትናማዊ አዛውንት ነበሩ። ከካሊፎርኒያ የመጡ ዘመዶቻቸውን ሊያስጎበኙ ነው የመጡት። ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ፣ «1945። ሳይጎን ውስጥ። እዚህ ግንብ ላይ አታገኘውም» አሉ።

ይሄኔ እዚያ የሚያገለግሉ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ሰምተው ጠጋ አሉ። ይገላግሉናል ብዬ ደስ ሲለኝ፣ «ፊትዝጊቦንንስ ረሳችሁት? 1956 ነው» ብለው አረፉት።

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ምን ልበላቸው?» አለኝ።

«ሁሉንም ስማቸው፤ ተሟገቱ እንጂ አልተጣሉም» አልኩት። ሰምቶ ቢሆን ጥሩ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አውጥቶ «እዚህ ላይ እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ ድርቅ አለ። ማታ አንዱ ተሳፋሪ ኢንተርኔት ላይ አንድ ኮከብ ሰጠን። «አስጎብኚው ታሪክ አያውቅም» ይላል። ጠዋት አለቃችን ደወለ። «አንድ ዓመት ንገሯቸው፣ ፎቶ ይነሱ፣ እለፉ!»

እኔና ልጁ ግን ነገሩን ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ስናየው አራቱም መልሶች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ጦርነቱን ከየት ትጀምረዋለህ ነው ጥያቄው።

አዛውንቱ ያሉት ሰው ፒተር ዱዊ ይባላል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የነበረው ኦኤስኤስ መኮንን ነው፣ ገና 28 ዓመቱ። ጃፓን እጅ ስትሰጥ፣ የተማረኩ አሜሪካውያንን እንዲፈልግ ሳይጎን ተላከ። ከተማዋን የያዙት እንግሊዞች የቀድሞዋን ቅኝ ገዢ ፈረንሳይን መልሰው ሊያነግሡ ላይ ታች ይላሉ። ዱዊ ይህ አላማረውም፣ ተናገረ። የእንግሊዙ ጄኔራል ግሬሲ ተቆጥቶ ከአገር እንዲወጣ አዘዘው። ከዚያ በፊትም ጂፑ ላይ የአሜሪካን ባንዲራ እንዳይሰቅል ከልክሎታል፤ ባንዲራ ለጄኔራል ብቻ ነው ብሎ። ሴፕቴምበር 26 ሊሄድ ኤርፖርት ሲደርስ አውሮፕላኑ ዘገየ። ለምሳ ሲመለስ መንገድ የዘጉ የቬትሚን ሰዎች (ከሆ ቺ ሚን ጋር ለነፃነት የሚዋጉት ታጣቂዎች) ፈረንሳዊ መስሏቸው ተኩሰው ገደሉት። አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እስቲ አስቡት፤ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሌላ የኦኤስኤስ ቡድን ሰሜን ቬትናም በፓራሹት ወርዶ እነዚሁኑ ቬትሚኖች መሣሪያ ያስተምር ነበር። የታመሙትን ሆ ቺ ሚንን ያከመውም የዚያ ቡድን ሐኪም ነው።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ። ለኔ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በ1950 ፕሬዚዳንት ትሩማን፣ ፈረንሳይ ከቬትሚን ጋር ለምታደርገው ጦርነት እርዳታ ፈቀዱ፤ መሣሪያውን የሚያከፋፍል አንድ የአሜሪካ ጦር አማካሪ ቡድንም ሳይጎን ገባ። በ1954 ፈረንሳይ ዲየን ቢየን ፉ ላይ ስትሸነፍ፣ ከጦርነቱ ወጪ ሦስት አራተኛ በላዩን የምትሸፍነው አሜሪካ ነበረች። ሌላው ይሞታል፣ እሷ ትከፍላለች። በዚያው ዓመት ጄኔቭ ላይ በተደረገ ስምምነት አገሪቱ በ17ኛው ኬክሮስ ለሁለት ተከፈለች፤ በ1956 ምርጫ ተደርጎ ትዋሃዳለች ተባለ። አሜሪካ ስምምነቱን አልፈረመችም። ከደቡቡ መሪ ከንጎ ዲን ዲየም ጋር ቆመች፣ ምርጫውም ቀረ። ዲየም አንድ ዓመት ቀደም ብለው ባደረጉት ሕዝበ ውሳኔ 98 በመቶ አገኘሁ ብለዋል። ሳይጎን ውስጥ ከተመዘገበው መራጭ የሚበልጥ ድምፅ ነው የተቆጠረላቸው። ይሄ እንግዲህ ለኛ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ፊትዝጊቦን የአየር ኃይል ሰው ነበር፣ ከአማካሪዎቹ አንዱ። በ1956 የገደለው የራሱ ባልደረባ አሜሪካዊ ነው። ለዓመታት «ይህ ከጦርነቱ በፊት ነው» ተብሎ ስሙ ግንቡ ላይ አልነበረም። ቤተሰቡ ብዙ ደከመ። በመጨረሻ መከላከያ ሚኒስቴሩ የጦርነቱን መነሻ ወደ ኖቬምበር 1፣ 1955 መለሰውና ስሙ በ1999 ተቀረጸ። ቀደምት ሟቾች ጋ ቦታ ስላልነበረ በ1968 ከሞቱት መሃል ነው የገባው። የፊትዝጊቦን የራሱ ልጅም በ1965 እዚያው ቬትናም ሞቷል፤ የልጅየው ስም ከአባቱ ቀድሞ ይነበባል።

ቡይስና ኦቭናንድ የሞቱት ጁላይ 8፣ 1959 ሳይጎን አቅራቢያ ቢየን ሆዋ ነው። አማካሪዎቹ ምግብ ቤታቸው ውስጥ ፊልም እያዩ ነበር። ኦቭናንድ ሪሉን ሊቀይር መብራት ሲያበራ በመስኮት ተኩስ ተከፈተ። ቡይስ እዚያ ከደረሰ ሁለት ቀኑ ነበር። ዴቪስ ደግሞ የኬኔዲ ዘመን ሰው ነው፤ የጠላት ሬዲዮ ከየት እንደሚያስተላልፍ የሚያፈላልግ ባለሙያ። ኬኔዲ ሥልጣን ሲይዙ ከአንድ ሺህ በታች የነበሩት አማካሪዎች፣ እሳቸው ሲገደሉ ከ16 ሺህ በላይ ደርሰዋል። ሁሉም በወረቀት «አማካሪ» ነው። ለአማካሪ ሄሊኮፕተር ምን ያደርግለታል?

ይህን ሁሉ ይዘን ለአለቃችን አዲስ ጽሑፍ አዘጋጀን። ልጁ አሁን ዓመት ተናግሮ አይጀምርም። መጀመሪያ «ማን የሞተ ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ 1965 ይላል፣ ዳናንግ ላይ ባሕር ወለድ ጦሩ የወረደበትን አስቦ። ሌላው የአሜሪካ መርከቦች ተተኮሰባቸው የተባለበትን የቶንኪን ባሕረ ሰላጤን፣ 1964ን ያነሳል። እሱ ከዚያ አራቱን ሰዎች አንድ በአንድ ይዞ ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል። ቅሬታ የሚያነሳ ሰው ካለ ስለ እግሩ ነው፤ ፊትዝጊቦንን ለማየት ትንሽ ያስኬዳል።

አለቃችን ጽሑፉን አንብቦ አንድ አንቀጽ ብቻ ሰረዘ፦ የገንዘቡን። «ቱሪስት በጀት መስማት አይወድም» አለ። ልጁ ግን ይናገረዋል። ደግነቱ አለቃችን ቫን ውስጥ ገብቶ አያውቅም።