መቀነቱ የማን ነበር?

ያን ሐሙስ ሱሉልታ ላይ የተያዘው ፕሮግራም 12 ጊዜ 400 ሜትር ነበር። ልጅቱ ሰባተኛውን ጨርሳ ስምንተኛውን ስትጀምር ከቀኝ የጎድን አጥንቷ በታች መዳፏን አስደግፋ ነበር፤ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ቆመች። በተከታታይ ሦስተኛው ሐሙስ መሆኑ ነው። ዋና አሰልጣኙ ሰዓቱን አጥፍቶ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ «ይህችን ልጅ የሚያማት ጎኗ ሳይሆን ልቧ ነው» አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞረ፤ ምክንያቱም ላለፉት ሁለት ሳምንታት የጎኗ ጉዳይ በይፋ የእኔ ኃላፊነት ሆኖ ነበር።

የክለቡ ወጌሻ ነበርኩ። ዲግሪዬ የፊዚዮቴራፒ ቢሆንም በክለብ ቤት ወጌሻ ወጌሻ ነው፤ ስሙን ለማስቀየር የሚታገል ባልደረባ አጋጥሞኝ ያውቃል፣ እስካሁንም ወጌሻ እየተባለ ይሠራል። የመጀመሪያው ሐሙስ ዕለት ልጅቱን በሥርዓቱ መርምሬያታለሁ። ሕመሙ ስትቆም በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይለቃታል፣ ተኝታ ወይም ተቀምጣ አይነካትም፣ ትኩሳት የላትም፣ ደረቷን አይጨብጣትም። ስለዚህ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር ሳይሆን እያንዳንዱ ሯጭ የሚያውቀው ውጋት ነው አልኩ። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ለምን እንደሚወጋት ማስረዳት ስጀምር ነው።

ተማሪ ሳለሁ የያዝኩት ማብራሪያ አጭርና የሚያምር ነበር፤ ደረትንና ሆድን የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ማለትም ዲያፍራም፣ በሩጫ ጊዜ በቂ ደም ሳያገኝ ሲቀር ይጨመደዳል፣ ያን ጊዜ ይወጋል የሚል። ከመሙ ዳር ባለው አፈር ላይ በእንጨት ስዬ ለአትሌቶቹ ሁሉ አስረዳሁ። ልጅቱንም ግራ እግሯ መሬት ሲነካ አየር እንድታስወጣ አዘዝኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እየቆጠረች ሮጠች፤ ቆጠራው ፔሷን ከማበላሸት በቀር የፈየደላት ነገር አልነበረም። በመካከሉ አንድ ቀን፣ በማሳጅ ላይ ሳለን፣ «ጋሼ፣ ጎኔን ሲወጋኝ የቀኝ ትከሻዬንም ጫፉ ላይ ይቆረጥመኛል» አለችኝ። የሰጠኋት መልስ «ትራስሽን ቀይሪ» የሚል ነበር። ከዚህ ታሪክ ሁሉ አሁንም ብቻዬን ስሆን ፊቴን የሚያቀላው ይህ መልስ ነው።

ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ። አሰልጣኙ ሃያ ምናምን አትሌት በቆመበት፣ «ወጌሻ፣ ያንተ ዲያፍራም ዛሬም አልታረቀም?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ።

«የመተንፈሻ ጡንቻው ገና አልለመደም፣ አሰልጣኝ። ጊዜ ይስጡን።»

«አምስት ዓመት የሮጠች ልጅ መተንፈስ ካልለመደች የት ልትለምደው ነው? ተመልሳ እናቷ ሆድ ትግባ?»

አሁን ሳስበው ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ስድብ ብቻ ሆኖ ተሰማኝ። ከአትሌቶቹ አንዱ ብርድ ነው፣ ፌጦ ትጠጣ አለ፤ ሌላዋ ጫማዋን ጠረጠረች። በዚህ መካከል ነው የካምፑ ምግብ አብሳይ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሻይና ዳቦ ይዘው በሰርቪሱ የሚመጡት እናት፣ ፔርሙሳቸውን ሣሩ ላይ አስቀምጠው ወደ ልጅቱ የቀረቡት።

«ልጄ፣ ከመሮጥሽ በፊት ምን ቀመስሽ?»

«ምንም አልበላሁም፣ እማማ።»

«አልጠጣሽምም?»

ልጅቱ ወደ እኔ አየች። እንዳታየኝ ብዬ ወደ ቦርሳዬ አጎንብሼ ፋሻ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ወጌሻ የሚሰጠኝን ጁስ ብቻ።»

«ምን ያህል?»

«ትንሹን ሃይላንድ ሙሉ።»

«መቼ?»

«መም ልንገባ ስንል።»

እማማ እኔን ለመገሠጽ እንኳ አልተቸገሩም። አሰልጣኙንም እኔንም በአንድ ዓይን አይተው፣ «እንደ መናጫ ቅል ሞልታችሁ ስትንጧት ታዲያ ጎኗ ካልወጋት ምኗ ይውጋት?» አሉ። ከዚያ ከቀሚሳቸው ላይ መቀነታቸውን ፈትተው ከልጅቱ እምብርት ከፍ አድርገው ሦስት ዙር ጠመጠሙላት። «ሲወጋሽ ጠበቅ፣ ሲለቅሽ ላላ» አሏት። ልጅቱ ትንሽ ጎንበስ ብላ ቆየች፣ ቀጥላም የቀሩትን አራት ዙሮች ሮጠች፤ የመጨረሻውን በ71 ሰከንድ። የመቀነቱ ጥለት ከትራክ ልብሷ ሥር ወጥቶ ከኋላዋ ይውለበለብ ነበር።

ጭማቂው የእኔ ሐሳብ መሆኑን መደበቅ አልችልም። ልጅቱ ከማታ እራት በኋላ ምንም ሳትቀምስ ለልምምድ ስለምትወጣ ወደ መጨረሻው ጉልበት ያንሳታል፣ ስኳር ያስፈልጋታል ብዬ ነበር። ስለዚህ ውሃ ያልነካው ድፍን ማንጎ በሃይላንድ አስሞልቼ፣ ሰውነቷን አሟሙቃ እንደ ጨረሰች አስጠጣት ነበር። ጭማቂው የጀመረው ከመጀመሪያው ውጋት ጋር በአንድ ሐሙስ መሆኑን ማስተዋል ለማንም አይከብድም፤ ለእኔ ከበደኝ፤ መድኃኒቱን የሰጠሁት እኔ ነበርኩና።

ያን ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። አውስትራሊያውያኑ ዳረን ሞርተንና ሮቢን ካሊስተር በ2000 ባወጡት ጥናት 965 ስፖርተኞችን ጠይቀው ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ውጋት ይዞን ያውቃል ያሉት ከዋናተኞች 75 በመቶ፣ ከሯጮች 69 በመቶ፣ ከፈረስ ጋላቢዎች 62 በመቶ፣ ከብስክሌተኞች ደግሞ 32 በመቶ ናቸው። ጋላቢዎቹ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው እንደ ሯጭ አያለከልክም፤ ዳገቱን ትንፋሹ እስኪቆራረጥ የሚጋልበው ብስክሌተኛ ደግሞ ከእሱ በግማሽ ገደማ ያነሰ ይወጋዋል። ነገሩ የትንፋሽ እጥረት ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። ጋላቢውን ሯጩ ጋ ያስጠጋው ወገቡ ያለማቋረጥ መናጡ ነው። በማግሥቱ እንጦጦ ላይ ፈረስ የሚያከራይ ልጅ ጠየቅሁ። «በልቼ ከጋለብኩማ እዚህ ጋ ነው የሚይዘኝ» ብሎ ልክ ልጅቱ የምትይዝበትን ቦታ ያዘ፤ ጥያቄውን የጠየቅሁት ፈረሱን ሳልከራይ መሆኑ ግን ብዙም አላስደሰተውም።

ዛሬ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ማብራሪያ ይህ ነው፦ የሆድን ግድግዳ ከውስጥ የሚለብጥ ፔሪቶኒየም የሚባል ስስና ሕመም ፈጥኖ የሚሰማው ሽፋን አለ፤ ሆድ ሲሞላና ሰውነት ሲናጥ ይህ ሽፋን ይፈተጋል፣ ይቆጣል። ከዲያፍራም ሥር ያለው የዚህ ሽፋን ክፍል ሲቆጣ ደግሞ ስሜቱን የሚያደርሰው ነርቭ ከአንገት የሚወርድ ስለሆነ ሕመሙ ትከሻ ጫፍ ላይ ይሰማል። ልጅቱ ምርመራዬን ሠርታ በእጄ አስይዛኝ ነበር፤ እኔ ትራስ ቀይሪ አልኳት። ድፍን ጭማቂም ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወርድ ነገሩን ያብሳል፤ በ2004 እነዚሁ ሰዎች የተለያዩ መጠጦችን አወዳድረው ውጋት በብዛት የቀሰቀሰው የፍራፍሬ ጭማቂ ሆኖ አግኝተውታል። የመቀነቱም ነገር ተጽፎ ተገኘ፤ በ1999 ኒው ዚላንድ ውስጥ በተሠራ ጥናት ወገብን በሰፊ ቀበቶ ማጥበቅ፣ ሆድን አጥብቆ ጎንበስ ማለትና ከንፈርን ሰብስቦ ማስተንፈስ ሕመሙን ሲያቀልሉ ታይተዋል።

ከዚያ በኋላ የወሰድኩት እርምጃ ለባለሙያ የሚያስመሰግን አይደለም። ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ ጭማቂውን ከለከልኩ፣ ከልምምድ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ከባድ ነገር እንዳይበላ አዘዝኩ፣ ውሃ በጉንጭ በጉንጭ እንዲጠጣ አደረግሁ፤ ልጅቱም መቀነቱን አስራ መጣች። ሁሉም በአንድ ቀን ሆነ። ውጋቱ ጠፋ፤ የትኛው እንዳጠፋው ግን ለይቶ መናገር የሚችል የለም። እሷ በመቀነቱ ታምናለች፣ እኔ በጭማቂው፣ አሰልጣኙ ደግሞ በራሱ።

በራሱ ማመኑን ያወቅሁት የወሩ ሪፖርት ሲደርሰኝ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «በወጌሻው ትእዛዝ ይሰጥ የነበረው መጠጥ በአትሌቷ ላይ ያስከተለው ችግር፣ ዋና አሰልጣኙ ባደረገው የቅርብ ክትትልና ወገብን የማሰር ዘዴ ሊወገድ ችሏል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐሰት የሆነ ቃል ፈልጌ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እሱም የማሰሩ ባለቤት ነው። ልጅቱ ስትታሰር አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ያወራ ነበር። ተናድጄ ወደ ኩሽና ሄድኩና ለእማማ አነበብኩላቸው። ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ «የመጠጡን እውነቱን ነው» ብለው ቀጠሉ።

እኔም የምናደድበት አፍ የለኝም። ከሁለት ወር በኋላ ለወጣት አሰልጣኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ስለ ውጋት አንድ ሰዓት እንዳስተምር ተጋብዤ ነበር። ፈረሰኞቹን አነሣሁ፣ ፔሪቶኒየምን ሳልኩ፤ ሰፊ ቀበቶ የማሰሩ ጉዳይ ላይ ስደርስ «በኒው ዚላንድ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው» አልኩ። አንዱ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ፣ «እዚህ አገርስ የተሞከረ አለ?» ብሎ ጠየቀ። «በክለባችን እኔው ሞክሬዋለሁ» አልኩት። ልጅቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ለማሳያ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋች።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ካምፑ ገባ። በማግሥቱ ለምሳ ስሰለፍ እማማ ጭልፋውን ወጡ ላይ አቁመው፣ «ጥናቱ ካለቀ መቀነቴን መልሱልኝ፣ ወገቤን እያመመኝ ነው» አሉኝ። ልጅቱን ጠየቅሁ፤ አሰልጣኙ ላስቲክ ቀበቶ ገዝቶላት መቀነቱን እንደ ተረከባት ነገረችኝ። አሰልጣኙ ቢሮ ሄድኩ። በመስኮቱ አጠገብ፣ ከዋንጫዎቹ በታች፣ ታጥቦና ተጣጥፎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

«አሰልጣኝ፣ ይህ የእማማ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለ፤ አንስቶ ግን አልሰጠኝም። እኔም አላነሣሁትም። ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ አዲስ ገዝቼ ወሰድኩላቸው፤ ጥለቱን በጣታቸው ዳስሰው፣ «የእኔው ሰፋ ያለ ነበር» አሉኝ።