አሥራ ሁለቱ ቃላት

ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ሰው ነኝ። ውሌ ሊያበቃ የቀረው ስድስት ወር ነው፤ በፊፋ ደንብ እዚህ የደረሰ ተጫዋች የክለቡን ፈቃድ ሳይጠብቅ ከሌላ ክለብ ጋር ለቀጣዩ ዓመት መፈረም ይችላል። ድሮ ቢሆን ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ክለቡ ካልተከፈለው ንቅንቅ አይልም ነበር። ቦስማን የሚባል ቤልጂየማዊ አማካይ እ.ኤ.አ. በ1995 ፍርድ ቤት ረትቶ ነው አውሮፓ ውስጥ በሩ የተከፈተው። እሱ በድሉ ብዙም አልተጠቀመበትም፤ እስከ ዛሬ በስሙ የምንበላው ግን ስንት ነን።

ከልምምድ መልስ ነፃነቴን ያከበርኩት ስልኬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ነው። የደወለው ወኪሌ ብቻ ነው፤ እሱም «አዲስ ቪዲዮ የለህም?» ለማለት።

ቪዲዮ! አጥቂ ብሆን ኖሮ ጎሎቼን ቆራርጦ ሙዚቃ ይለጥፍበትና ያልቅ ነበር። የተከላካይን ምኑን ይቆርጡታል? ያልገባ ጎል እንዴት ይታያል? ባለፈው ወር ከተጫወትኩት ሁሉ የምኮራበት አንድ ነገር አለ፦ ሁለት ርምጃ ወደ ግራ ተጠጋሁ፣ አማካያቸው ሊያሾልክ ያሰበውን ኳስ ተወና ወደ ኋላ መለሰው። በቃ፣ ይኸው ነው። ካሜራው ላይ የሚታየው ቆሞ የሚያይ ሰውዬ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ጣሊያናዊው ካናቫሮ በ2006 ባሎንዶርን፣ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ከወሰደ ወዲህ ሌላ ተከላካይ ያልነካው። ቫን ዳይክ በ2019 ቀርቦ ነበር፣ ሁለተኛ ሆነ። (እኔ ባሎንዶር አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት የአንድ ዓመት ውል ነው።)

ስልኩን ዘግቼ መሳቢያ ስፈትሽ ውጭ አገር የተጫወትኩበትን የመጀመሪያ ዓመት ደብተር አገኘሁት። ገና ሲከፈት አሥራ ሁለት ቃል ተጽፏል፤ የዚያ አገር ሰዎች ሲሉ የሰማሁትን በራሴ ፊደል፣ ትርጉሙን ከጎኑ። ውጣ። ቁም። ሰው አለ። ጊዜ አለህ። ግራ። ቀኝ። ተጠጋ። አውጣው። የኔ። ያንተ። ከኋላህ። ልቀቅ።

22 ዓመቴ ነበር። ወደ ውጭ ልወጣ ስል ሁሉም የመከረኝ ስለ ፍጥነቱና ስለ ጉልበቱ ነው። አፌን ዘግቼ መከላከል እንደማልችል የነገረኝ የለም። አጥቂ ዲዳ ሆኖም ይኖራል፤ ኳስ ስጡት፣ ይሮጣል። የመሀል ተከላካይ ግን ግማሹ ሥራው አፉ ላይ ነው። ከፊቱ ያሉት ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው የሚጫወቱት፤ የጀርባቸው ዓይን እሱ ነው። የኦፍሳይድ (ከጨዋታ ውጪ) መስመሩም አራቱ ተከላካዮች እኩል ካልወጡ ዋጋ የለውም። ከ1990 ወዲህ ከተከላካዩ እኩል የቆመ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ ስለማይባል፣ አንዱ ግማሽ ርምጃ ከዘገየ የሦስቱ መውጣት ከንቱ ነው። የሚዘገየው ደግሞ እኔ ነበርኩ። «ውጣ» ሲሉ ቃሉን ሰምቼ፣ በልቤ ተርጉሜ፣ እግሬን እስካዝ አጥቂው በረኛችን ጋ ደርሷል።

አሠልጣኙ «ይህ ልጅ ቀርፋፋ ነው» አለ። እግሬ መስሎት ነው።

በሰባተኛው ጨዋታ የሆነውን አሁን እንኳ ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል። ረጅም ኳስ መጣ፤ በረኛው ከኋላዬ ጮኸ። «ልቀቅ» ነው ያለኝ። ያን ቃል ገና ደብተሬ ላይ አላሰፈርኩትም፤ አጀማመሩም «አውጣው» ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ዘልዬ በግንባሬ ገጨሁት። እሱ ኳሱን ሊይዝ ወጥቶ ኖሯል፣ መረቡ ባዶ። በራሴ ጎል ላይ። ተመልካቹ ምን ብሎ እንደሰደበኝ አልገባኝም፤ ቋንቋ አለማወቄ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛውን ቃል የጻፍኩት የዚያን ዕለት ማታ ነው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀድደው ምንም አልቀረው፣ አሁንም በጣቴ ስዳስሰው ጎድጉዷል።

ከዚያ ተጠባባቂ ወንበር፣ ከዚያ ውሰት። ስለ ውሰት ብዙ የምለው የለኝም። ሻንጣህን ሳትፈታ ሌላ ከተማ ነህ።

ያኔ የምጽናናው በቲያጎ ሲልቫ ነበር። ብራዚላዊው በ2005 ዳይናሞ ሞስኮ ሳለ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ለወራት ሆስፒታል ተኝቷል። በማያውቁት አገር፣ በማይሰሙት ቋንቋ መታመም ምን እንደሆነ ትንሽ አውቃለሁ፤ እኔን ግን ያመመኝ ጉልበቴን ብቻ ነው። በ2021፣ በ36 ዓመቱ፣ ከቼልሲ ጋር የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ። ፍጻሜው የተካሄደው ደግሞ በፖርቶ ሜዳ ላይ ነው፣ ወደ ሞስኮ በሸኘው ክለብ ሜዳ። ተጎድቶ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ መውጣቱን ማንም አያነሳም።

ሌላው ባለውለታዬ ጀርመናዊው ተከላካይ ሜርተሳከር ነው። የዓለም ዋንጫ ያነሳ፣ አርሰናል ለዓመታት የቆየ ሰው፣ በ2018 ሊያቆም ሲል ከጨዋታ በፊት ሆዱ እየተገለበጠ ያቅለሸልሸው እንደነበር ተናገረ። የተቹት አሉ። እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧ የምከፍተው ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ቋንቋው ኋላ ገባኝ። ሌላ አገር፣ ሌላ ቋንቋ፣ እንደገና አሥራ ሁለት ቃል። እዚህ ስመጣ አንድ ሳምንት አልፈጀብኝም። ምን እንደከፈልኩበት የታወቀኝ ብሔራዊ ቡድን ስጠራ ነው። አጠገቤ የተሰለፈው ልጅ አገር ቤት የሚጫወት ነበር። አጥቂው ከኋላው ሲሾልክ አይቼ ጮኽኩ፤ ከአፌ የወጣው የባዕድ ቃል ነው። ልጁ ኳሱን ትቶ እኔን አየ። መልበሻ ክፍል ስንገባ «ምን እያልከኝ ነበር፣ ወንድሜ?» አለኝ። በቋንቋችን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ ለአፍታ ጠፋኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ልጅ መጣ። 20 ዓመቱ ነው፣ የመሀል ተከላካይ፤ የዚህን አገር ቋንቋ አንድም አይሰማ። በማን ቦታ እንደመጣ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ቶሎ ፈገግ የምንለው። ዛሬ ልምምድ ሲያልቅ ተከትሎኝ መጣና በምልክት እስክሪብቶ ጠየቀኝ። አንጓው ላይ የጠቀለለውን ነጭ ፕላስተር ዘረጋልኝ። አንድ በአንድ ጻፍኩለት፣ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ደገመው። «ጊዜ አለህ» የሚለውን ሲያበላሸው ሁለታችንም ሳቅን። ሲሄድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ።

ቅድም ደብተሩን ሳገኘው ለልጁ የጻፍኩለትን በልቤ ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ነው። ፕላስተሩ ላይ ቦታ አልነበረም ብዬ ልጽፍ ነበር። ነበረ።