ሁለት ሥራ፣ አንድ ጭንቅላት

ለአንድ ዓመት ተኩል ሁለት ሥራ ይዤ ነበር። ቀን ቀን አዲስ አበባ ውስጥ የክፍያ ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ከዚያ መልስ ደግሞ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ለሚገኝ ኩባንያ በኮንትራት ኮድ እጽፍ ነበር። እነሱ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ እኛ ስለማንቀይር፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ወደ 11 ሰዓት ይገፋል። የእነሱ የሥራ ቀን የሚያልቀው እኔ ዘንድ እኩለ ሌሊት፣ በእነዚያ ወራት ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን ነው። የእህቴን የትምህርት ክፍያ የምሸፍነው እኔ ስለሆንኩ ድካሙን እንደ ግዴታ ቆጠርኩት።

አንድ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የአንድ ደንበኛን መረጃ ለማስተካከል ዳታቤዙ ላይ ትእዛዝ አስኬድኩ። ለውጡን በዚያ ደንበኛ ላይ ብቻ የሚገድበውን መስመር ግን ረስቼው ነበር። የሁሉም ደንበኞች መረጃ በአንድ ጊዜ ተቀየረ። ከመጠባበቂያ ቅጂ መለስነውና ጉዳቱ በዚያው ቆመ። እኔን ያስደነገጠኝ አለመደንገጤ ነው። ስክሪኑን እያየሁ ምንም አልተሰማኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በሥራ መዛል በ2019 እ.ኤ.አ. ሲተረጉም ሦስት ምልክቶች ጠቅሷል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በመንፈስ መራቅና የውጤታማነት መቀነስ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው። የእኔ ሁለተኛው ነበር። እናቴ ከማንም ቀድማ አይታዋለች፤ እራት ላይ «ልጄ፣ እዚህ ተቀምጠህ የለህም እኮ» ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ መፍትሔ የፈለግኩት በዘዴ ነው። 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ የማረፉን የፖሞዶሮ ስልት ሞከርኩ። ሰነድ ለመጻፍና አሰልቺ ሥራ ለመጀመር ይጠቅማል። ኮዱ ውስጥ የተደበቀ ከባድ ስህተት ስፈልግ ግን የፕሮግራሙ አካሄድ በአእምሮዬ መልክ መያዝ ሲጀምር ደወሉ ይቆርጠኝ ነበር።

የበለጠ ያስተማረኝ የመብራት መጥፋት ነው። በአንድ ክረምት ሰፈራችን ውስጥ መብራት በተደጋጋሚ ይጠፋ ነበር፤ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል። የላፕቶፔ ባትሪ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት የምጨርሰው ሥራ በሌላው ቀን ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ እንደነበር አስተዋልኩ። ቴሌግራም ዝም ይላል፤ ባትሪው ሳያልቅ የትኛውን ልሥራ ብዬ አስቀድሜ እመርጣለሁ፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ከየት እንደምቀጥል ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። መብራቱ ከተስተካከለ በኋላም ይህን ልማድ ሆን ብዬ ያዝኩት። ኢንተርኔት አጥፍቼ ሁለት ሰዓት እሠራለሁ፤ ከመነሣቴ በፊት የሚቀጥለውን እርምጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ወረቀቱ ላይ «ክፍያውን አስተካክል» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። «ክፍያው ሁለት ጊዜ ሲላክ ሁለተኛው ውድቅ መሆኑን የሚያረጋግጥ የኮድ ፈተና ጻፍ» ሲል ግን በማግስቱ ወዲያው ያስጀምረኛል።

ይህ ሁሉ ትኩረቴን መለሰልኝ፤ ድካሜን ግን አልነካውም። እንዲያውም በተሻለ ትኩረት ተጨማሪ ሥራ መሸከም ጀመርኩ። አንድ ቀን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ቁጥር 1156/2011 አነበብኩ። መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ ደግሞ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የውጭው ኮንትራቴ በአዋጁ ባይሸፈንም የራሴን ሰዓት ደመርኩት። በሳምንት 75 ሰዓት መጣ። ያን ቁጥር የሚችል ዘዴ የለም፤ ይህን ለመቀበል ያን ያህል ጊዜ መፍጀቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

የቀኑን ሥራ ለቀቅኩ። ለውጭው ኩባንያ ኃላፊ ከ6 ሰዓት ቀትር እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንደምሠራ፣ ከዚያ በኋላ የሚላክልኝን መልእክት በማግስቱ እንደምመልስ ጻፍኩለት። ለመላክ ሦስት ወር የፈራሁት ደብዳቤ በአንድ ቀን «ይሁን» የሚል መልስ አገኘ። ገቢዬ ቀንሷል፤ የእህቴ ክፍያ አልተቋረጠም፣ ለቤት የማጠራቅመው ግን ቆሟል።

ባለፈው ወር አዲስ ስሪት ልናወጣ ስንል ሦስት ሌሊት በተከታታይ አመሸሁ። በአራተኛው ቀን የኮዱ ፈተናዎች ወድቀው ስክሪኑ በቀይ ሲሞላ፣ እንደዚያች ሌሊት ምንም አልተሰማኝም። ለቡድኑ «ነገ አልገባም» ብዬ ጻፍኩ፣ ላፕቶፑን ዘግቼም ተኛሁ።