በስድስት ነጥብ፦ የክሌርሞን ፌራን የራግቢ ጉዞ ማስታወሻ

ኤኤስኤም የሚባለው የራግቢ ቡድን ወዳለበት የመካከለኛው ፈረንሳይ ከተማ፣ ወደ ክሌርሞን ፌራን፣ ከፓሪስ የሚሄድ ቴዤቬ፣ ፈጣኑ ባቡር፣ የለም። ባቡሩ ከቤርሲ ጣቢያ ይነሳና ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። እንግዳ ሰው ጋር ደ ሊዮን ወደሚባለው ሌላ የፓሪስ ጣቢያ ሄዶ ቦርዱ ላይ የከተማዋን ስም ሲፈልግ ያረፍዳል። ከዚያ እስከ ቤርሲ በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሰዓት ተርፎት የመጣ ይደርሳል፣ ያልተረፈው ይቀራል። መስመሩ በመዘግየት የታወቀ ነው፤ ጨዋታ ለማየት የሚሄድ ሰው ከመክፈቻው ፊሽካ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ የሚደርስ ባቡር ይቁረጥ።

ሌላም ወጥመድ አለ። የፈረንሳይ አንደኛ ዲቪዚዮን፣ ቶፕ 14 የሚባለው፣ የወቅቱን መርሐ ግብር ሲያወጣ የሚታወቀው የትኛው የሳምንት መጨረሻ እንደሆነ ብቻ ነው። ቅዳሜ ይሁን እሁድ፣ ቀትር ይሁን ማታ የሚቆረጠው ቴሌቪዥኖቹ ጨዋታቸውን ከመረጡ በኋላ ነው። ርካሽ የማይመለስ የባቡር ትኬት አስቀድሞ የገዛ ሰው ጨዋታው ወደ እሁድ ማታ ሲዞርበት ብዙ ጊዜ አይተናል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የጀመረ ጨዋታ አምስት ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ በዚያ ሰዓት ወደ ፓሪስ የሚመለስ ባቡር ስለሌለ አልጋ መያዝ ግድ ነው።

ከተማዋ ጥቁር ናት። ካቴድራሉም፣ የድሮዎቹ ቤቶችም የተሠሩት ከቮልቪክ በሚወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በስተ ምዕራብ 1,465 ሜትር ከፍታ ያለው ፑዊ ደ ዶም ይታያል፤ ከ2012 ጀምሮ የጥርስ ሐዲድ ባቡር ጫፉ ድረስ ያወጣል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለራግቢ ታሪክ ግን ከተራራው ይልቅ የከተማዋን ስም ልብ ማለት ይጠቅማል። ክሌርሞንና ሞንፌራን የማይዋደዱ ሁለት ጎረቤት ከተሞች ነበሩ። በ1630 በንጉሥ ትእዛዝ አንድ ተደረጉ፤ መዋሐዱ ግን በወረቀት ላይ እንጂ በሰዉ ልብ ውስጥ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ቡድኑ የሞንፌራን ነው። ይህን የዘነጋ የቡድኑን የስም ለውጥ አይረዳም።

ዣውድ ከሚባለው ዋና አደባባይ፣ ባርቶልዲ ከቀረጸው የጥንቱ የጎል መሪ የቬርሲንጌቶሪክስ የፈረስ ሐውልት ሥር፣ መስመር ኤ ትራም ይነሳል። የትራሙ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ከ2006 ጀምሮ የሚሠራው ይህ ትራም የሚሄደው በጎማ ነው። ሐዲዱ አንድ ብቻ ሲሆን መሐል ላይ ተቀብሯል፤ ከሠረገላው ሥር ያሉ ሁለት ሰያፍ ተሽከርካሪዎች ግራና ቀኝ ቆንጥጠው ይዘውት ይሄዳሉ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ጎማው ነው። ጥቅሙ ዳገት ይወጣል፣ ድምፅ የለውም። ጉዳቱ ጎማው በየቀኑ ያንኑ መስመር ስለሚረግጥ መንገዱ እንደ ጋሪ ፋና ይቦረቦራል፤ ሐዲዱ ቦይ ውስጥ ድንጋይ ከገባም መሪው ተሽከርካሪ ሊወጣ ይችላል። በተለመደው ሐዲድ በብረት ተሽከርካሪ የሚሄደውን ትቶ ይህን መምረጥ ሌላ ከተማ ቢሆን ያስገርም ነበር። የጎማ ፋብሪካው ሚሸሊን በሚኖርበት ከተማ አያስገርምም።

ትራሙን በተመለከተ ማወቅ የሚገባው ዋናው ነገር በዋናው የባቡር ጣቢያ በኩል አለማለፉ ነው። በስተ ደቡብ ያለው የመጨረሻ ፌርማታ «ላ ፓርዲዩ ጋር» ስለሚባል «ጋር» ጣቢያ ማለት መሆኑን የሚያውቅ እንግዳ ተሳፍሮ ይጠፋል፤ ያ ሌላ ትንሽ ጣቢያ ነው። ከዋናው ጣቢያ ወደ ሜዳው በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሆነ ትራሙን መተው ይሻላል። ከዣውድ የሚነሳ ግን ወደ ሰሜን የሚሄደውን ይያዝና የሚሸሊን ዋና መሥሪያ ቤት ያለበትን ሌ ካርምን አልፎ «ስታድ ማርሴል ሚሸሊን» ላይ ይውረድ።

ከፌርማታው ሲወርዱ በአንድ በኩል ሜዳው፣ አጠገቡ በ2009 የተከፈተው የሚሸሊን ሙዚየም አለ። ሙዚየሙን ከጨዋታው በፊት ማየት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የቡድኑ ቢጫና ሰማያዊ ከየት እንደመጣ የሚገባው እዚያ ነው። የፋብሪካው ቀለም ነው። ተጫዋቾቹም በዚሁ ምክንያት «ዦናር»፣ ቢጫዎቹ፣ ይባላሉ።

ማኅበሩን በ1911 ያቋቋመው ማርሴል ሚሸሊን፣ ከሁለቱ የጎማ ፋብሪካ መሥራች ወንድማማቾች የአንደኛው የአንድሬ ልጅ ነበር። ስሙ ሲጀመር አሶሲያሲዮን ስፖርቲቭ ሚሸሊን፣ ባጭሩ ኤኤስኤም ተባለ። ራግቢ ብቻም አልነበረም፤ ለፋብሪካው ሠራተኞች ብዙ ዓይነት ስፖርት የያዘ ማኅበር ነበር። በፋብሪካ ስም መጫወት ለመብራት ኃይልና ለድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም፤ የያኔው የፈረንሳይ ስፖርት ግን በአማተርነት የሚምል ስለነበረ የንግድ ስም በቡድን ላይ እንዲሆን አልተፈለገም። በ1922 ስሙ መቀየር ነበረበት። መፍትሔው ቀላልና ብልህ ነበር፦ ሚሸሊንን አውጥቶ ሞንፌራንዴዝ፣ ማለትም የሞንፌራን፣ የሚለውን ማስገባት። ሁለቱም በኤም ስለሚጀምሩ ኤኤስኤም እንዳለ ቀረ። ማሊያው ላይ አንድ ፊደል አልተነካም። በ2004 ደግሞ ኤኤስኤም ክሌርሞን ኦቨርኝ ተባለ፤ ኤሟ ያኔም አልወጣችም።

ማርሴል ሚሸሊን በጀርመን ወረራ ጊዜ ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ በ1943 ተያዘ፤ ወደ ቡከንቫልድ፣ የናዚዎች የማጎሪያ ካምፕ፣ ተግዞ በ1945 በእስር ላይ ሞተ። ሜዳው የሱን ስም የያዘው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ማስታወቂያ አይደለም፤ ብዙ ጎብኚ ግን ማስታወቂያ ይመስለዋል። ከትሪቡኖቹ፣ ከተመልካች መቀመጫዎቹ፣ አንዱ ፍሊፖኖ ይባላል። ዣን ፍራንሷ ፍሊፖኖ ለፈረንሳይ የተጫወተ የክንፍ ሰው ነበር፤ በ1976 እዚሁ ሜዳ ላይ በወዳጅነት ጨዋታ መሐል መብረቅ መታውና ሞተ። ስታዲየሙ ከ19,000 ሰው በላይ ይይዛል። ሰው ከመስመሩ ቅርብ ስለሚቀመጥ ስክረሙ፣ የሁለቱ ቡድን የፊት ሰዎች ተያይዘው የሚገፋፉበት፣ ሲጋጠም የትከሻው ድምፅ ይሰማል።

ስለዚህ ቡድን የሚነገረው ወሬ ሁሉ ሄዶ ሄዶ ፍጻሜ ላይ ይደርሳል። የፈረንሳይ ሻምፒዮን የሚቀበለው ዋንጫ ሳይሆን የብሬኑስ ጋሻ ነው፤ ባሮን ደ ኩበርቴን የሰጠው፣ ሻርል ብሬኑስ የቀረጸው፣ እንጨት ላይ የተለጠፈ ብረት። ከ1892 ጀምሮ ይታደላል። ሞንፌራን ይህን ጋሻ ለመንካት አሥር ፍጻሜ ተሸነፈ፦ በ1936 በናርቦን 6 ለ 3፣ በ1937 በቪየን 13 ለ 7፣ በ1970 በላ ቩልት 3 ለ 0፣ በ1978 በቤዚዬ 31 ለ 9፣ በ1994፣ በ1999 እና በ2001 በቱሉዝ 22 ለ 16፣ 15 ለ 11 እና 34 ለ 22፣ በ2007 በስታድ ፍራንሴ 23 ለ 18፣ በ2008 እንደገና በቱሉዝ 26 ለ 20፣ በ2009 በፐርፒኞ 22 ለ 13።

ሰዉ ይህን እርግማን ይለዋል። ውጤቱን በወረቀት ላይ አስቀምጦ ልዩነቱን ብቻ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያነባል። ከአሥሩ ሰባቱ የተሸነፉት በ6 ነጥብ ወይም ባነሰ ነው። ዛሬ አንድ ትራይ፣ ኳሷን ከመስመሩ ማዶ መሬት ማስነካት ማለት ነው፣ 5 ነጥብ ያስገኛል፤ ተከታዩ ምት ከገባ 2 ይጨመራል። ስለዚህ አብዛኞቹ ፍጻሜዎች የተወሰኑት በአንድ ሙሉ ትራይ ባልሞላ ርቀት ነው። በ1970 ትራይ 3 ነጥብ ብቻ ነበረ፤ ያ ቀን በሙሉ የታየው ነጥብም ያቺ አንዷ ትራይ ናት። በሰፊው የተሸነፉት በ1978 ነው፤ የገጠማቸውም ከ1971 እስከ 1984 አሥር ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ቤዚዬ ነው፣ እሱን ማንም አልቻለውም። የ1994ቱ ቱሉዝም አራት ተከታታይ ጋሻ የጀመረው ሞንፌራንን አሸንፎ ነው። እርግማን ከተባለ እርግማኑ የቱሉዝ ጎረቤትነት በአንድ ሊግ ነው ብል ይቀለኛል።

በሜይ 29 ቀን 2010 ስታድ ደ ፍራንስ ላይ ያው ፐርፒኞ ተመልሶ መጣ። አሠልጣኙ ኒውዚላንዳዊው ቨርን ኮተር፣ አምበሉ ኦሬሊያን ሩዠሪ ነበሩ። ሩዠሪ የዚሁ ቡድን የፊት መስመር ተጫዋች የነበረው ዣክ ልጅ ነው፤ ከ1999 እስከ 2018 ከዚህ ማሊያ ሌላ አልለበሰም። ውጤቱ 19 ለ 6። ዣውድ አደባባይ ላይ በትልቅ ስክሪን ያየው ሰው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ ጋሻውም የመጣው እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለእኔ ከጋሻው የበለጠ ያስገርመኛል። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ማርሴል ሚሸሊን ላይ 77 ጨዋታ ሳይሸነፉ ቆዩ። ያበቃው በሜይ 10 ቀን 2014 በማጣሪያ በካስትር 22 ለ 16 ተሸንፈው ነው። ስድስት ነጥብ። በ2015 ፍጻሜ በስታድ ፍራንሴ 12 ለ 6፣ በ2019 በቱሉዝ 24 ለ 18፤ አሁንም ስድስት። ሁለተኛውን ጋሻ በ2017 ከቱሎን ሲወስዱም 22 ለ 16፣ ስድስት ነው።

አውሮፓ ላይ በደረጃ ሁለተኛ የሆነውን ዋንጫ በ1999፣ በ2007 እና በ2019 ወስደዋል። ትልቁን፣ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሚለይበትን፣ አልነኩም። በ2013 ደብሊን ላይ ቱሎንን 15 ለ 6 እየመሩ ነበር። የቱሎኑ መቺ ዊልኪንሰን በፔናልቲ 15 ለ 9 አደረገው፤ የዚያው ቡድን ዴሎን አርሚታጅ ለብቻው ሮጦ፣ ሊይዘው የሚመጣውን የክሌርሞኑን ብሮክ ጄምስን በእጁ እየተሰናበተ ትራይ አገባ፤ ዊልኪንሰን ተከታዩን ምት ሲያገባ 16 ለ 15 ሆነ። በዘጠኝ ነጥብ የሚመራ ቡድን ለመሸነፍ ሁለት ስህተት ብቻ ይበቃዋል፤ አንድ ፔናልቲና አንድ ሙሉ ትራይ ተደምረው 10 ናቸው። በ2015 ለንደን ትዊክናም ላይ እንደገና ቱሎን 24 ለ 18፣ በ2017 ኤዲንብራ ላይ ሳራሰንስ 28 ለ 17።

ትሪቡን ላይ ለተቀመጠ አዲስ ተመልካች፦ ሰዓቱን ብቻ አትመልከት፣ የትራይ ብዛት ቁጠር። በቶፕ 14 ማሸነፍ 4 ነጥብ ሲያስገኝ፣ ከተጋጣሚው ሦስት ትራይ በልጦ ያሸነፈ አንድ ይጨመርለታል። በ5 ነጥብ ወይም ባነሰ የተሸነፈም አንድ ያገኛል። ውጤቱ ያለቀ ሲመስል 80ኛው ደቂቃ ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚጮኸው ለዚህ ነው። በስድስት ነጥብ የተሸነፈ ግን ባዶ እጁን ይሄዳል። ከ26 ዙር በኋላ ስድስቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ያልፋሉ፤ አንደኛና ሁለተኛ በቀጥታ ግማሽ ፍጻሜ ይገባሉ። አሥራ አራተኛው ይወርዳል፣ አሥራ ሦስተኛው ከታችኛው ዲቪዚዮን ቡድን ጋር ይጫወታል።

ከተማዋ ወደ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱ ይቆረጥማል፤ ሲሚንቶ ደረጃ ላይ ሁለት ሰዓት መቆም ያሰበ ወፍራም ካልሲ ይያዝ። ከጨዋታው በፊት ትሩፋድ፣ ድንችና ገና ያልቆየ የካንታል አይብ አብሮ የተጠበሰበት፣ መብላት ያሞቃል፤ ግን ከባድ ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በፊት ይበላ። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ዣውድ የሚሄደው ትራም ሞልቶ ያልፋል፤ ሦስት ትራም ከመጠበቅ ግማሽ ሰዓት መራመድ ይፈጥናል። ጊዜ ያለው ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሰሜን ወጥቶ የሞንፌራንን ጠባብ ጥቁር ጎዳናዎች ይይ፤ ከመሐል ከተማው ይልቅ ጸጥ ያሉና ያረጁ ናቸው። ከኋላ፣ ከስታዲየሙ፣ ድምፁ እስከዚያ ይከተላል። ማሊያው ላይ ክሌርሞን ተብሎ ከተጻፈ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ደጋፊው የሚጮኸው ያንኑ ነው፦ «እዚህ፣ እዚህ ሞንፌራን ነው!»