ሁለት መዝጊያ ያለው ቦይ

ጎረቤቴ የልጇን ፎቶግራፍ ያሳየችኝ በትንሣኤ ማግስት ነበር። የሦስት ዓመቱ ልጅ የዶሮ እግር ይዞ ይስቃል፤ በስልኩ ብልጭታ የቀኝ ዓይኑ ብሌን እንደ ማንኛውም ሰው ቀላ ብሎ ሲታይ፣ የግራው ግን ነጭ ሆኖ እንደ ድመት ዓይን ያበራል። «መምህር፣ ይሄ የስልኩ ነው የልጁ?» አለችኝ። አማቷ ዓይን በልቶት ነው ብለው ጠበል ወስደውት ነበር፤ አንድ የጤና ባለሙያም ፎቶው ብርሃን ስለበዛበት ነው ብሎ መልሷቸዋል። እኔ የሥነ ሕይወት መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ነጭ ብሌን ከዓይን ሞራም ከከፋ ነገርም ሊመጣ እንደሚችል ስለማውቅ፣ ሳምንት ሳይሞላ ባሕር ዳር ለዓይን ሐኪም እንድታሳየው ለመንኋት። የተገኘው ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ነበር። ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ካንሰሩ ከዓይኑ ስላልዘለለ ልጁ ዛሬ በደጄ ጥጃ ሲያባርር ይውላል።

ከዚያ ወዲህ እናቱ ሁለት ነገር ትጠይቀኛለች፤ «ከማን ወረሰው?» እና «ታናሹስ?»። በቃል ስመልስላት አንዱን ይዤ ሌላውን ስለምዘነጋ፣ እርሷም ባለቤቷም ደጋግመው እንዲያነቡት እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ።

ስለ ቃሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በክፍል ውስጥ «ጂን» ባልኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሳቅ ይነሣል፤ በእኛ አገር ጂኒ ወንዝ ዳር የሚያድር፣ ሰው የሚለክፍ ነገር ነውና። ስለዚህ እኔ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የሕዋስ መመሪያ ዘረመል ማለትን እመርጣለሁ። የዛሬው ጉዳዬ ከዘረመሎች መካከል የዕጢ እድገትን የሚገቱት ናቸው።

ብዙ ሰው ካንሰርን ከውጭ እንደሚገባ ባዕድ አድርጎ ያስባል። የካንሰር ሕዋስ ግን የራሳችን ሕዋስ ነው፤ የተለየው መቆም አለመቻሉ ነው። በአጨዳ ወቅት ማጭድ የቆረጠው ጣት ይድናል፤ በቁስሉ ዳርና ዳር ያሉት ሕዋሶች ይከፈላሉ፣ ክፍተቱን ይሞላሉ፣ ከተገናኙ በኋላም ያቆማሉ። ለእኔ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ መከፈላቸው ሳይሆን ማቆማቸው ነው። ማንም «በቃ» ሳይላቸው የሚያቆሙት በውስጣቸው የሚገታቸው ስላለ ነው።

ሕዋስ ከመከፈሉ በፊት ዘረመሎቹ የተጻፉበትን ዲ ኤን ኤ እጥፍ አድርጎ መቅዳት አለበት፤ ቅጂው ከመጀመሩ በፊትም አንድ መዝጊያ አለ። መዝጊያው አር ቢ የሚባል፣ በራሱ ዘረመል መመሪያ የሚሠራ ፕሮቲን ሲሆን፣ ሥራው ቅጂውን የሚያስጀምሩትን ኢ2ኤፍ የተባሉ ፕሮቲኖች አንቆ መያዝ ነው። ሕዋሱ ከአካባቢው የእድገት ምልክት ሲደርሰው ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 የተባሉ ኢንዛይሞች በአር ቢ ላይ ፎስፌት የተባለ ትንሽ ቅንጣት ይለጥፉበታል፤ በዚህ ጊዜ አር ቢ ይላላል፣ ኢ2ኤፍ ይለቀቃል፣ ቅጂው ይጀመራል። ክፍፍሉ ሲያበቃ ፎስፌቱ ተነሥቶለት መዝጊያው ይመለሳል። አር ቢ ከጠፋ ግን ምልክት ቢመጣም ባይመጣም ቦዩ ክፍት ነው።

ቦይ ያልኩት በምክንያት ነው። የምንኖረው በሜጫ ሲሆን፣ የጎረቤቴ ባለቤት በቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ስንዴ ያመርታል፤ ግድቡ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነውና በእኛ ሰፈር ስለ ውሃ መክፈትና መዝጋት የማይገባው ሰው የለም። እንግዲህ በአንድ ቦይ ላይ ተከታትለው የተተከሉ ሁለት መዝጊያዎችን አስቡ። አንዱ ቢሰበር ሁለተኛው ውሃውን ይይዛል፤ ማሳው የሚጥለቀለቀው ሁለቱም ሲሰበሩ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስም የአር ቢን ዘረመል በጥንድ ይይዛል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት፣ ሁለቱም ክሮሞሶም ከሚባሉት የዲ ኤን ኤ ጥቅሎች በ13ኛው ላይ።

ይህን ሁለት የመሰበር ሐሳብ በሬቲኖብላስቶማ ያሳየው አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም አልፍሬድ ኑድሰን ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የ48 ሕፃናትን መረጃ ይዞ፣ ላቦራቶሪ ሳይገባ፣ በየስንት ዓመታቸው እንደታመሙና አንድ ዓይናቸው ወይስ ሁለቱም እንደተያዘ በማስላት ብቻ መልሱን አገኘ። ሁለቱም ዓይናቸው የተያዘባቸው ሕፃናት ቀድመው ይታመሙ ነበር፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ የተያዘባቸው ግን ዘግይተው። ኑድሰን እንዳስረዳው፣ የመጀመሪያዎቹ ሲወለዱ ጀምሮ በሰውነታቸው ሕዋስ ሁሉ አንዱ መዝጊያ ተሰብሮ ይጠብቃቸዋል፤ በዓይን ውስጥ ከሚባዙት ሚሊዮኖች መካከል በአንዱ ሕዋስ ሁለተኛው መሰበሩ ደግሞ ብዙ አይቆይም። በሌሎቹ ግን ሁለቱም መሰበሮች በአንዲት ሕዋስ ላይ ተከታትለው መድረስ አለባቸው፤ ይህም እምብዛም የማይገጥም፣ ጊዜም የሚፈልግ ነገር ነው። ዘረመሉ ራሱ የተገኘው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1986 ነው። የዛሬ ተማሪዎቼ ሒሳብ ለሥነ ሕይወት ምን ያደርጋል ሲሉኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

እቴ፣ እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓይን ብቻ ሲያዝና በዘመድ መካከል የታመመ ሲታጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ከማንም አልወረሰውም፤ ሁለቱም መሰበሮች የደረሱት በዓይኑ ውስጥ ባለች አንዲት ሕዋስ ነው። በእርግዝናሽ የበላሽው ወይም የተሸከምሽው ነገር አላመጣውም። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት ግን አንዳንዱ ሕፃን አንድ ዓይኑ ብቻ ተይዞም የተሰበረውን ዘረመል በመላ ሰውነቱ የሚይዝበት ጊዜ ስላለ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አልፎ አልፎም ወላጅ ራሱ ሳይታመም ሊይዘው ይችላልና፣ ሐኪሙ ታናሹንም እያመጣችሁ አሳዩት ያለው ለዚህ ነው፤ ስጋቱ አነስተኛ ቢሆንም ባዶ ስላልሆነ።

መዝጊያ ብቻውን አይበቃም፤ መቼ እንደሚዘጋ የሚያዝ ያስፈልጋል። በባህላዊው መስኖ ይህ ሥራ የውሃ አባት ነው፤ ተራ ያስጠብቃል፣ ቦይ ሲደረመስ ውሃው እንዲዘጋ ያዛል። በሕዋስ ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ዘረመሉ በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። በሰላሙ ጊዜ ኤምዲኤም2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ያለማቋረጥ ስለሚያስወግደው በሕዋሱ ውስጥ ጥቂት ብቻ ነው ያለው። ዲ ኤን ኤ በጨረር ወይም በመርዝ ሲጎዳ ግን ፒ53 ከዚህ አስወጋጅ ይላቀቅና ይከማቻል፤ ፒ21 የተባለውን ፕሮቲን ያስመርታል፣ ፒ21 የሲዲኬ ኢንዛይሞችን ይይዛል፣ አር ቢም ፎስፌት ሳይለጠፍበት ተዘግቶ ይቆያል። በዚህ ፋታ ሕዋሱ ጉዳቱን ይጠግናል። ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነ ፒ53 ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዘዋል።

ይህን ለባለቤቷ ስነግረው በትኩረት ሰማኝና «የውሃ አባቱ ራሱ ጉቦ ቢበላስ?» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተጠይቄ አላውቅም። ፒ53 ብቻውን አይሠራም፤ አራት ሆኖ ተያይዞ ነው የሚሠራው። አንደኛው ቅጂ ሲበላሽ የተበላሸው ፕሮቲን ከደኅናው ጋር ይጣመርና አራቱንም ያሰንፋቸዋል። ስለዚህ የሁለቱ መዝጊያዎች ምሳሌ እዚህ ላይ ያነክሳል፤ በፒ53 አንዱ ሲበላሽ ብቻም ጉዳቱ ሊሰማ ይችላል። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ በሚሆኑት ይህ ዘረመል ተበላሽቶ ይገኛል።

ሳይንቲስቶችም በዚሁ ተታለው ነበር። ፒ53 በ1979 እ.ኤ.አ. ሲገኝ በካንሰር ሕዋሶች ውስጥ በብዛት ስለሚታይ ካንሰርን የሚያፋጥን ነው ተባለ፤ አሥር ዓመት ሙሉ ሲጠና የነበረው ቅጂ የተበላሸው እንደነበረና ደኅናው በተቃራኒው እድገትን እንደሚገታ የታወቀው በ1989 ነው። ሌባው ቤት የተገኘውን ዘበኛ ሌባ ነው ብሎ እንደ ማሰር ነበር።

መዝጊያዎቹን የሚሰብረው ምንድን ነው ለሚለው፣ ብዙውን ጊዜ ዲ ኤን ኤ ሲቀዳ የሚፈጠር ተራ ስሕተት ነው። ነገር ግን ሁለት ለእኛ ቅርብ የሆኑ ምክንያቶችን ሳልጠቅስ አላልፍም። አንደኛው የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ዘረመሎቹን አይነካም፤ ኢ6 በተባለው ፕሮቲኑ ፒ53ን ያስፈርሰዋል፣ ኢ7 በተባለው ደግሞ አር ቢን ይይዘዋል፤ የውሃ አባቱንም መዝጊያውንም በአንድ ጊዜ ማለት ነው። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ይህን ለመከላከል ነው። ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚል ወሬ እስከ ክፍሌ ድረስ ደርሶ ሰምቻለሁ፤ ሐሰት ነው።

ሁለተኛው በየጎታችን ሊኖር የሚችል ነው። በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መርዙ በጉበት ውስጥ ተለውጦ ከዲ ኤን ኤ ጋር ይጣበቃል። በ1991 እ.ኤ.አ. በቻይናና በደቡባዊ አፍሪካ የጉበት ካንሰር ሕሙማን ላይ የተሠሩ ጥናቶች የፒ53 ዘረመል ደጋግሞ በአንድ በታወቀ ቦታ፣ ኮዶን ከሚባሉት ባለ ሦስት ፊደል ቃላቱ በ249ኛው፣ እንደሚሰበር አሳይተዋል፤ መርዙ የጣቱን አሻራ ትቶ እንደ መሄድ ነው። የሻገተ በቆሎ ታጥቦ ወይም ተፈጭቶ መርዙ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ተቀቅሎም አብዛኛው ይቀራል። ለጠላ ይሆናል ብሎ ማስቀመጥም ያው ነው።

የጠፋን ነገር በመድኃኒት መመለስ ከባድ ስለሆነ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በዘወርዋራ ይሄዳል። ለምሳሌ በአንዳንድ የጡት ካንሰሮች አር ቢ ደኅና ሆኖ ሳለ ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 አላስዘጋ ይሉታል፤ እነዚህን ኢንዛይሞች የሚያግደው የመጀመሪያው መድኃኒት በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅዷል። መዝጊያው ጨርሶ በጠፋበት ግን ይኸው መድኃኒት የሚዘጋው ነገር አያገኝም።

ታናሹ ባለፈው ማክሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ ታይቷል። ብሌኑን የሚያሰፋው ጠብታ እስኪበርድለት በእናቱ ነጠላ ተሸፍኖ ሲነጫነጭ ነው የተመለሰው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ደኅና ናቸው። ቀጣዩ ቀጠሮ ከፍልሰታ በኋላ ነው።